ባዜቃ ተሸክመን ወደ ይፋት

ከቆላው ከተመለስኩ ወዲህ የጉለሌ ጎረቤቶቼ በየተራ እየመጡ ስለ ይፋት ይጠይቁኛል። ሙቀቱ ሰው ያሳብዳል ወይ? እውነት እዚያ ሰው ከቤት ውጭ ነው የሚያድረው? የወባው ንዳድስ? ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግም አንዳንዱን ነገር እየዘለልኩ መሆኔን ስላወቅሁ፣ የሆነውን ሁሉ እንደ አመጣጡ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ወደዚያ ለመውረድ ሐሳቡም አጋጣሚውም ለሌላችሁ ነው የምጽፈው።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀረችኝ ጣሊያንኛ ነበረችና ጣሊያኖች አገሩን ሲይዙ አውሮፕላን ሜዳው ጥግ ባለችው፣ የአየሩ ጠባይ በሚመዘገብባት ክፍል በአስተርጓሚነት አስገቡኝ። ነፋስና ዝናብ እየለኩ መዋል ከሌላው የጣሊያን ሥራ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ይፋት ሂድ እስከተባልኩበት ቀን ድረስ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሄጄ አላውቅም ነበር።

ሰኞ

ካሚዮኑ ከአዲስ አበባ የተነሳው ጭጋጉ ሳይገለጥ ነበር። አለቃዬ ሲኞር ካርሎ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ፣ ከዱቄት ከረጢቶቹ መካከል። ሲኞር ካርሎ ሸምገል ያለ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። በአገሩ ሳለ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ አስተማሪ ነበረ። የወታደር ልብሱ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስል ትከሻው ላይ ይንጠለጠላል።

የምንሄደው ሸዋሮቢት ላይ የአየር ግፊት መለኪያ ልንተክል ነው። መለኪያው ከመሬት ቢያቆሙት ከወገቤ የሚያልፍ ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። ውስጡ ባዜቃ፣ ያ እንደ ውኃ የሚፈሰው ከባድ ብረት፣ ተሞልቷል፤ ከግርጌው ባዜቃውን የሚያቁር የለሰለሰ የቆዳ ከረጢት አለው። አየሩ ሲከብድ ባዜቃው በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲቀል ይወርዳል፤ የቆመበት ከፍታ በሚሊሜትር ይነበባል። ከእሱ ሌላ የኪስ ሰዓት የምትመስል፣ ባዜቃ የሌለባት፣ በመርፌ የምታመለክት ትንሽ መለኪያ ነበረችን። እሷ የምትናገረው በሚሊባር ነው። ሲኞር ካርሎ ከደረት ኪሱ አይለያትም። ትልቁን ቱቦ ግን በቆዳ አፎት ውስጥ ገልብጠን፣ ካሚዮኑ በዘለለ ቁጥር እንዳይነካ፣ እኔ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው ደብረ ብርሃን የገባነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የእኛ የእንጦጦ ብርድ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሲኞር ካርሎ ወደ ሹማምንቱ ማደሪያ ከመሄዱ በፊት ቱቦውን እኔ ባረፍኩባት ጠላ ሻጭ ቤት ምሰሶ ላይ ሰቀልነው፤ እዚያ ነፋስ አይገባም። ባለቤቲቱ ባሏ የሞተባት፣ እጇ ከሥራ የማያርፍ ሴት ናት። የገብስ ቂጣ አቀረበችልንና ወደ ቱቦው ቀና ብላ፣

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አየር ይመዘንበታል።"

"ሊሸጡት ነው?" አለችኝ ከልቧ።

ለሲኞር ካርሎ ስተረጉምለት ሳቀ። ስቆ ሳይጨርስ እሳቱን እያየ፣ "ሰው ሁሉ ከባሕር ሥር ነው የሚኖር በላት" አለ። "ከላያችን ያለው አየር ባሕር ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ባሕሩ ስስ ነው። ነገና ከነገ ወዲያ ወደ ጥልቁ እንወርዳለን።"

ከዚያ ሁለቱንም መለኪያ አነበብን። ቱቦው አምስት መቶ አርባ ሰባት ሚሊሜትር፣ የኪሷ ሰባት መቶ ሃያ ዘጠኝ ሚሊባር። አዲስ ሰው ቢያይ ተጣልተዋል ይላል፤ አልተጣሉም። ሦስት ሚሊሜትር ማለት አራት ሚሊባር ማለት ነው። የቱቦውን ቁጥር ለሦስት ከፍለህ በአራት ብታበዛ የኪሷን ታገኛለህ። "ሁለቱ እስከተስማሙ ድረስ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው" አለኝ ሲኞር ካርሎ። በገብስ ጭድ ፍራሽ ላይ ተኝቼ፣ በላዬ ላይ ያለውን የአየር ባሕር እያሰብኩ፣ መቼ እንቅልፍ እንደወሰደኝ አላውቅም።

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን ወዲያ መንገዱ በሜዳ ላይ፣ በበግ መንጋና በድንጋይ ካብ መካከል ይሄዳል። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቃል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ አለ፤ ካሚዮኑ ደመና እንደለበሰ ገባ። ውስጡ ጨለማ፣ ከጣራው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። የሞተሩ ድምፅ ከፊትም ከኋላም ይመጣል፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ አይለይም። ሾፌሩ የአገራችን ሰው ነው፤ ዋሻው መካከል ስንደርስ ቆቡን አወለቀ። ሲቆፈር እዚያ የቀሩትን ሰዎች እያሰበ እንደሆነ ኋላ ነገረኝ።

ማዶ ስንወጣ መሬት የለም። ከእግራችን በታች ነጭ ደመና ተነጥፏል፤ በደመናው ቀዳዳ፣ በጣም ሩቅ፣ ቢጫ ምድር እንደ ሕልም ብልጭ ይልና ይጠፋል። "ይፋት ያ ነው" አለኝ ሾፌሩ። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ሌላ ዘመን የማይ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ካሚዮኑ ከዚያ ተመለሰ። እኛ በእግርና በበቅሎ ቀጠልን። ቱቦውን በቅሎ ላይ ማሰር አይሆንም፤ የሚሸከመው ሰው መፈለግ ነበረብን። ያገኘነው ተሰማ የሚባል፣ ከደብረ ሲና በታች ካለች መንደር የመጣ፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። አፎቱን ጀርባው ላይ ሳስርለት፣

"ከባድ ነው፤ ውስጡ ምንድን ነው ጋሼ ደምሴ?" አለኝ።

"ባዜቃ።"

"አንጥረኞች የሚሠሩበት?"

"እሱው። መስታወት ነውና አደራ።"

"እንቁላል ነው ብዬ እይዘዋለሁ" አለና መንገዱን በእግሩ ጣት እየመረመረ ቀደመን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የሲኞር ካርሎ መርፌ ትንሽ ትንሽ ታዘነብላለች፤ እያስቆመ ያሳየኛል። ጆሮዬ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ደብረ ሲና ስንገባ ካቦርቴን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር። ያረፍንበት ቤት የበሶ ብጥብጥ ከማር ጋር ሰጡን፤ ማሩ የእኛ አገር ማር አይመስልም፣ ቀይና ቀጭን ነው።

ረቡዕ

በማለዳ ተነስተን ቁልቁለቱን ጨረስነው። ሙቀቱ መጀመሪያ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊት ላይ ይመጣል፤ በኋላ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰው ሁለመናን ይከባል። የማሽላው አገዳ ከሰው በላይ ነው። ጥጥ የለቀሙ ሴቶች በነጭ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ከሩቅ በደመና ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ግመሎች ሳይቸኩሉ ያልፋሉ። ሁሉም ነገር ቀስ ይላል፤ እኔም ስናገር ቃሉ ከአፌ የሚወጣው ዘግይቶ ነው የሚመስለኝ። ሲኞር ካርሎ በቅሎዋ ላይ ሆኖ ያንጎላጅ ነበር።

ሮቢ ወንዝን ስንሻገር ነው ነገሩ የሆነው። ውኃው ከጉልበት አያልፍም፤ ድንጋዩ ግን ያሟልጫል። ተሰማ መካከል ሲደርስ እግሩ ከዳው። ወደ ኋላ ቢወድቅ ቱቦው ከጀርባው ሥር ይደቅ ነበር፤ እሱ ግን በአየር ላይ ተጠማዞ በፊቱ ወደቀ። አገጩ ድንጋይ ላይ አረፈ። የአፎቱ ጫፍ ብቻ ከአንድ ሹል ድንጋይ ጋር ተጋጨ።

አውጥተን አሸዋው ላይ አስቀመጥነው። ከአገጩ ደም ይወርዳል፤ እሱ ግን፣ "ዕቃው?" ነው ያለው። አፎቱን ስከፍት መስታወቱ ደህና ነው። የቆዳው ከረጢት ግን ተቀድዷል። ባዜቃው በአሸዋው ላይ እየተከፋፈለ፣ እየተገናኘ፣ ፀሐይዋን በሆዱ ይዞ ወደ ውኃው ይሮጥ ነበር። ያ ውበቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም፤ ለአንድ አፍታ ሦስታችንም አየነው። ከዚያ በእጃችን፣ በቅጠል፣ በሲኞር ካርሎ የሻይ ኩባያ እየጨለፍን ያዳንነውን አዳንን። ግማሽ ቢሆን ነው።

ሸዋሮቢት የጣሊያን ጦር ሰፈር አለ። አዛዡ ካፒታኖ ወጣት፣ ጢሙን የተላጨ፣ ዓይኑ ሰው ላይ የማያርፍ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን የስልክ ሽቦ ተቆርጦበት ስለነበር ሰው ሁሉ ጠላቱ መስሎ ይታየዋል። ሲኞር ካርሎ አደጋውን ሲነግረው ተሰማን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው።

"ከየት ነው?" አለኝ።

"ከደብረ ሲና ሥር።"

አጠገቡ የነበረ ባንዳ ጠጋ ብሎ፣ የዚህ ሰው ወንድም ጫካ ከአርበኞቹ ጋር ነው አለው። ተሰማ አልካደም፤ ወንድሙ መሆኑን፣ ካየው ግን ብዙ ጊዜ መሆኑን ተናገረ። ተረጎምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል እየመረጥኩ ተርጉሜ አላውቅም።

ካፒታኖው ጥቂት አሰበ። "እሑድ ከአየር ኃይል አንድ መኮንን ይህን መለኪያ ሊመረምር ይመጣል" አለ። "መለኪያው በትክክል ከሠራ አደጋ ነበር ማለት ነው። ካልሠራ ግን ተንኮል ነው።" የተንኮል ቅጣቱ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አላስፈለገውም፤ ሰፈሩ በር ላይ ያለችውን፣ ገመድ የተንጠለጠለባትን ግራር ሁላችንም አይተናታል።

ተሰማን ወሰዱት።

ሐሙስ

አገሬው ከሰፈሩ ውስጥ አያድርም፤ እኔን ያሳደሩኝ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ፣ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ እናት ናቸው። ረቡዕ ማታ ስደርስ ጾሜ መሆኑን ሳልነግራቸው አውቀው ቅቤ ያልነካው የምስር ወጥ ከማሽላ እንጀራ ጋር አቅርበውልኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ዶሮ በእጃቸው ይዘው መጡ፤ ከክርስቲያን ጎረቤት ቢላዋ ተውሰዋል።

"በራስህ ሃይማኖት እረደው፣ ልጄ። እኛ እንሠራልሃለን፣ አንነካብህም።"

በእኛ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት እንዲህ አይተሳሰብም ብል አትቀየሙኝ። ዶሮው ግን አልወረደልኝም። ለምን እንደማልበላ ሲጠይቁኝ ስለ ተሰማ ነገርኳቸው።

ቀኑን ገበያ ለገበያ ስዞር ዋልኩ። ባዜቃ ያለው ሰው የለም። ሕንዱ ባለሱቅ ከጦርነቱ በፊት ነበረኝ አለ። ሲኞር ካርሎ በተጠገነው ስልክ አዲስ አበባ ጠይቆ ኖሮ ከእሑድ በፊት አይደርስም ብለውታል። ንዳድ ጀምሮት ፊቱ ቢጫ ሆኗል፤ በኪሱ ያለችውን መለኪያ እያገላበጠ፣ "እሷ ልክ ናት፣ እሷ ልክ ናት፤ ግን እነሱ የሚያምኑት ቱቦውን ነው" ይላል።

ከሰዓት በኋላ ተሰማን እንዳየው ፈቀዱልኝ። ከቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አገጩ አብጧል።

"ተገኘ?" አለኝ።

"ገና ነው።"

"ጋሼ ደምሴ፣ ለእናቴ ሰው እንዳይነግርብኝ። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እህል በሥርዓት አትበላም።"

ማንም አይነግርብህም አልኩት። ስመለስ እትዬ ዘሃራ በራፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

"አንተ የምትፈልገው ያ እንደ ውኃ የሚሮጠው ብር ነው አይደል?" አሉኝ። "ወንድሜ ዑመር አንጥረኛ ነው። ወርቅ የሚለብጠው በእሱ ነበር። ይኑረው አይኑረው አላህ ነው የሚያውቅ። ነገ ጁምዓ ነው፣ ከመስጊድ ሲወጣ ታገኘዋለህ።"

ዓርብ

የጋሼ ዑመር መንደር ከሸዋሮቢት ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ኮረብታ ላይ ናት። አርጎቦች የሠሯት የድንጋይ መንደር ናት፤ ቤቶቹ ተደጋግፈው ስለቆሙ ከሩቅ አንድ ትልቅ ዐለት ትመስላለች። መንገዱን ያሳየኝ ግመል እየነዳ የሚሄድ ጨው ነጋዴ ነው። በሙቀቱ ውስጥ ኮረብታዎቹ ከመሬት ተነስተው ይንሳፈፋሉ፤ ስንቀርብ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሲኞር ካርሎ ስለ ባሕሩ ያለውን እያሰብኩ፣ ከጥልቁ ወለል ላይ እየተራመድኩ እንደሆነ አሰብኩ፤ ትንፋሼም ከባድ ነበር።

ጋሼ ዑመርን ያገኘኋቸው ከሶላት ሲመለሱ ነው። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ጣቶቻቸው በእሳት የጠቆሩ ሽማግሌ ናቸው። የእህታቸውን ሰላምታ አደረስኩ።

"አልሐምዱሊላህ። ግባ፣ በመጀመሪያ ብላ" አሉኝ።

ፓፓያና፣ ዓርብ ነውና ወተት ሳይገባበት የተፈላ የቡና ገለባ ቀረበልኝ። ስበላ አላቋረጡኝም። ስጨርስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ዕቃው ለምን ይሆናል?" አሉኝ።

ለዝናብ ነው ልላቸው እችል ነበር። ለዝናብም ነው። ዓይናቸውን ሳይ ግን አፌ እምቢ አለ።

"አውሮፕላን የሚነዱ ሰዎች ከምድር ምን ያህል ከፍ እንዳሉ የሚያውቁት በአየሩ ክብደት ነው። ጣርማ በርን ደመና ሲሸፍነው ተራራው እንዳይመታቸው፣ የታችኛው አገር አየር ስንት እንደሆነ ሊነገራቸው ይገባል።"

"ወዲህ ሲመጡ ምን እንደሚሠሩ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

በበሩ በኩል ማዶ አመለከቱኝ። ጣራ የሌለው፣ ግድግዳው የጠቆረ ቤት አለ። ውስጡ ቁልቋል በቅሏል።

"የአጎቴ ልጅ ቤት ነበር። እሱም ሚስቱም ውስጥ ነበሩ።"

ውጭ ርግቦች ይጮኻሉ። እምቢ ቢሉኝ የምቀየማቸው አልነበረም። ተነስቼ ልሰናበት ስል፣

"የታሰረው ሰው እስላም ነው ክርስቲያን?" አሉኝ።

"ክርስቲያን።"

"እናት አለችው?"

"አለችው። አንድ ወንድሙ ጫካ ነው።"

ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በሰም የተደፈነ ጥቁር የበሬ ቀንድ ይዘዋል፤ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ከመጠኑ በላይ እንደሚከብድ ከድምፁ ያስታውቃል። አባታቸው ከኤደን ወደብ ከመጣ ነጋዴ የገዙት ነው፤ ለእሳቸው ተላልፎ በየዓመቱ ጠብታ ጠብታ እያሉ የሙሽሮችን አምባር በወርቅ ሲለብጡበት ኖረዋል።

"ለጣሊያን አልሰጠሁም" አሉኝ። "ይህን እወቅልኝ። ለሰውዬው ነው የሰጠሁት። አውሮፕላኑን ያው አላህ ያውቅበታል።"

"ምን ልክፈልዎ?"

"ሂድ፣ ሳይመሽብህ። ነገ ከረጢቱን የምንሰፋበት የፍየል ሌጦ ይዤ እወርዳለሁ። ሰፈራቸው ግን አልገባም። እህቴ ቤት ይምጣ፣ ያ ሽማግሌ አለቃህ።"

ቅዳሜ

ሲኞር ካርሎ ንዳዱ ሳይለቀው፣ ቆቡን በእጁ ይዞ እትዬ ዘሃራ ቤት መጣ። ግቢው ውስጥ፣ ከጥላው ሥር፣ ጋሼ ዑመር ቀድመው ተቀምጠዋል። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ጋሼ ዑመር የተቀደደውን ከረጢት ተቀብለው ዳሰሱትና በእሱ ልክ አዲስ ሌጦ ቆረጡ፤ በሐር ክር አጥብቀው ሰፉት። ሲኞር ካርሎ ቱቦውን አጠበ፣ አደረቀ። ባዜቃውን በቆዳ አጠለልነው፤ ከአሸዋ ያነሳነውና ከቀንዱ የወጣው አንድ ላይ ሲገናኙ ወዲያው ተዋሐዱ፣ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ቀረ።

ሞልተን አቆምነው። አነበብን፤ ስድስት መቶ አርባ አንድ። የኪሷ መለኪያ ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ነው የምትለው። ለሦስት ከፍዬ በአራት አበዛሁት፤ ቱቦው በብዙ ቀርቷል። ሲኞር ካርሎ ቱቦውን በጥፍሩ አንኳኳ።

"አየር ገብቶበታል" አለ። "ከላይ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ አየር ተቀምጦ ባዜቃውን ወደ ታች ይገፋዋል። እንደገና ነው።"

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ዑመር ከሰል አያያዙ። "ሞቅ እያደረግን ቀስ ብለን እንሙላው፤ አረፋው ይወጣል" አሉ። "ነፋሱን ግን በጀርባችን እናድርግ፤ ትንፋሹ ጥርስ ያረግፋል።" ሲኞር ካርሎ እሱም ይህንኑ ሊል እንደነበር ነገረኝ። ሁለቱ ሽማግሎች ቱቦውን ከላይና ከታች ይዘው ከፍሙ በላይ እያዞሩ፣ በጣት ጫፍ እያንኳኩ፣ ጥቃቅኑን አረፋ አንድ በአንድ ሽቅብ ሸኙት። እኔ አፈሳለሁ። ከሙቀቱ፣ ከፍሙ፣ ከባዜቃው ብልጭታ የተነሳ ጊዜው የቆመ መሰለኝ፤ ለምን እንደምንሠራ እንኳ ረስቼ ነበር።

ጥላው ሲረዝም ገልብጠን አቆምነው። ሲኞር ካርሎ ቱቦውን በቀስታ አዘነበለ። ባዜቃው ከላይ መስታወቱን ሲነካ ቀጭ የሚል ንጹሕ ድምፅ ሰጠ፤ አየር የለበትም ማለት ነው። ለሙቀቱ የሚቀነሰውን ቀንሶ አነበበ። ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት። በልቤ አባዛሁ። ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ።

ሲኞር ካርሎ በርከክ ብሎ ቁጭ አለ። ከዚያ እጁን ወደ ጋሼ ዑመር ዘረጋ። እሳቸው መርፌያቸውንና ክራቸውን እየሰበሰቡ ነበር፤ እጁን አዩት፣ አልጨበጡትም። ወደ እህታቸው ዞረው፣

"ውኃ ስጪው" አሉ። "ሲሠራ ነው የዋለው፣ ታሟልም።"

እትዬ ዘሃራ በጣሳ አቀረቡለት። እስኪጠጣ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ጋሼ ዑመር ባዶውን ቀንድ ትከሻቸው ላይ አንግተው ወደ መንደራቸው ወጡ።

እሑድ

መኮንኑ በአውሮፕላን መጣ። የራሱን መለኪያ ይዟል፤ በሚሊባር የሚናገር ነው። ሰፈሩ ውስጥ የተተከለውን ቱቦ ተንበርክኮ አነበበ፣ ወረቀት ላይ አባዛ፣ የራሱን አየ። ካፒታኖው ከኋላው ቆሟል። እኔ ከበሩ ወዲህ ሆኜ የመኮንኑን ጀርባ ብቻ ነው የማየው።

"ጥሩ ነው" አለ መኮንኑ ተነስቶ፣ ጉልበቱን እያራገፈ። "በጥንቃቄ ነው ያመጣችሁት።"

ሲኞር ካርሎ፣ "ያመጣው ሰው ታስሯል" አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካፒታኖው ቃሉን የሰጠው በሰው ፊት ነበር። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ለዘበኛው ምልክት ሰጠ። ተሰማ ከቆርቆሮው ቤት ሲወጣ ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት በእጁ ጋረደ። አላመሰገነም፣ አልለመነም። አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ "እንሂድ?" አለኝ።

ሰኞ

ሲኞር ካርሎ መለኪያውን ለሚያነቡት ወታደሮች ሊያስተምር እዚያው ቀረ። እትዬ ዘሃራ ፓፓያና የተቆላ ማሽላ ቋጥረውልን ተሰናበቱን። ተሰማን ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ውድቀትህን አላህ ይያዝልህ" አሉት፤ ምን እንደተደረገለት የነገርኩት ከዚያ በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው። ሰምቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ወደ ኮረብታዋ መንደር አቅጣጫ ዞሮ ቆብ የሌለውን ራሱን ዝቅ አደረገ።

ሽቅብ ስንወጣ አየሩ እየቀለለ፣ ሐሳቤም እየጠራ ሄደ። ማሽላው አልፎ ጤፍ መጣ፣ ጤፉ አልፎ ገብስ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ ወደ ተሰማ መንደር የምትገነጠለው ቀጭን መንገድ ላይ ደረስን። እዚያ ቆም አልን። ከመንደሯ የልቅሶ ድምፅ ይመጣል።

"ማን ሞቶ ይሆን?" አለ ተሰማ፤ ፊቱ ተለወጠ። እናቱ መስሎት ነው።

መሮጥ ጀመረ። ተከተልኩት። የግቢው አጥር ላይ ስንደርስ ሰው በሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። መካከላቸው፣ ፊቷን የነጨች፣ ድምፅዋ የተዘጋ አንዲት አሮጊት ትወዛወዛለች። የተሰማ እናት ናት። ከሸዋሮቢት የወጣ ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል፤ ልጅሽን ሰቀሉት ብለዋታል።

መጀመሪያ ያዩት ዳር የተቀመጡት ናቸው። ልቅሶው ከዳር እስከ መካከል፣ እንደሚከደን ነገር፣ ቀስ እያለ ጸጥ አለ። ማንም አልጮኸም። እናቱ ጸጥታው ግራ አጋብቷት ቀና አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። ተነስታ መጣች፤ ያበጠ አገጩን በመዳፏ ነካች፣ ትከሻውን ነካች፣ እጁን ገልብጣ አየች።

"በልተሃል?" አለችው።

"አልበላሁም፣ እማዬ።"

"ግባ" አለችውና የዘቀዘቀችውን ነጠላ አቃንታ ለበሰች።

ለልቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ በትልቅ ገበቴ ነበር፣ ገና ይተናል። እኔንም ከሰዎቹ መካከል አስቀመጡኝ። ተሰማ ከእናቱ ጎን ተቀመጠ፤ እሷ እየዘገነች በእጁ ላይ ታደርግለታለች። ለእሱ ሞት ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች ሁሉ ክብ ሠርተው ንፍሮውን ከእሱ ጋር በሉ።